ወሰኑን የሳተ ክፍፍል፦ «መንፈሳዊ ጥበብ» እና «ዓለማዊ ጥበብ» በክርስቲያን የዕለት ኑሮ

በዚህ ዘመን በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ፣ በኦርቶዶክሳዊውም ሆነ በወንጌላዊው ምእመን መካከል ብዙም ሳይለያይ፣ ምስክር እንደማያስፈልገው እውነት የሚቆጠር አንድ አስተሳሰብ አለ። በዚህ አስተሳሰብ ጥበብ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከጸሎትና ከካህናት ወይም ከአገልጋዮች አንደበት የሚገኘው መንፈሳዊ ጥበብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከትምህርት ቤት፣ ከሐኪም ቤት፣ ከፍልስፍና መጽሐፍና ከባለሙያ ምክር የሚቀዳው ዓለማዊ ጥበብ ነው። የመጀመሪያው ነፍስን ያድናል፣ ሁለተኛው ቢጠቅም ለእንጀራ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ግን እምነትን ይሸረሽራል ይባላል፤ ስለዚህም «እገሌ ዓለማዊ ሆነ» የሚለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ የሚሰነዘረው መጽሐፍ ባበዛ፣ ጥያቄ ባነሣ ወይም ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን አላቋርጥም ባለ ሰው ላይ ነው። ክፍፍሉ ለመናገር ቀላል፣ ለመስማትም ደስ የሚያሰኝ በመሆኑ ለሰባኪ ይመቻል። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያወግዘው የዓለም ጥበብ በትምህርቱ ዓይነት አይለይም፤ የሚለየው ሰው ያወቀውን ይዞ ከባልንጀራው ጋር በሚኖረው ኑሮ ነው። ወሰኑ ያለ ቦታው በመሰመሩ የደረሰውም ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ክሱ በትምህርት ቤቱና በሐኪም ቤቱ ላይ ሲያነጣጥር፣ ዋናው ተከሳሽ ከገበያው፣ ከቢሮውና ከራሱ ከምእመናኑ ጉባኤ መካከል ማንም ሳይጠይቀው ወጥቶ ይሄዳል።

ለዚህ ክርክር መነሻ የሚሆነው የያዕቆብ መልእክት ሦስተኛ ምዕራፍ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ የምትወርደውን ጥበብና ከምድር የሆነችውን ጥበብ ፊት ለፊት አቁሞ የሚያነጻጽረው ይህ ክፍል ነው፤ በስብከትም ላይ ደጋግሞ የሚጠቀሰው እርሱ ነው። ሲጠቀስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምዕራፉ መጀመሪያ ይዘለላል። ሐዋርያው ምዕራፉን የሚከፍተው ብዙዎች አስተማሪ ለመሆን እንዳይሽቀዳደሙ በማስጠንቀቅ፣ ከዚያም አንደበት የምታደርሰውን ጥፋት በሰፊው በመዘርዘር ነው፤ ይህን ካለ በኋላ ነው ወደ ጥበብ የሚመጣው። እንግዲህ የምድር፣ የሥጋና የአጋንንት ናት ብሎ እስከ መፈረጅ የሚደርስባት ጥበብ ከአረማውያን ትምህርት ቤት የመጣች ሳትሆን፣ በምእመናን ማኅበር ውስጥ ወንበር ይዘው በሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ የምትገኝ ናት። መለያዎቿንም ሲያስቀምጥ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሕክምናም ሆነ ስለ ግሪክ መጻሕፍት አንድም ቃል አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ መራራ ቅንዓትና ስለ አድመኛነት ነው። በአንጻሩ ከላይ የሆነችው ጥበብ የምትታወቀው በንጽሕና፣ በሰላም ወዳድነት፣ በገርነት፣ ምክር በመስማት፣ በምሕረት፣ ባለማዳላትና ግብዝነትን በማራቅ ነው። ከእነዚህ መለያዎች አንዱ እንኳ አንድ ሰው ምን እንዳነበበ ወይም የት እንደተማረ አይጠይቅም። በዚህ መመዘኛ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰውነትን ሲያጠና የኖረና ድኻውን ታማሚ እንደ ባለጠጋው እኩል የሚያይ ሐኪም ለላይኛዋ ጥበብ ይቀርባል፤ የአጥቢያ ጉባኤውን ለሁለት ከፍሎ ደጋፊ የሚያሰባስበው፣ ጥቅስ በቃሉ የሚወርድለት መምህር ግን የምድሪቱ ጥበብ ባለቤት ነው።

የተለመደው አስተሳሰብ ደጋፊዎች ወዲያው የሚያነሡት መልስ የጳውሎስ የመጀመሪያው መልእክት ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ነው፤ በርግጥም እግዚአብሔር የዚህን ዓለም ጥበብ ሞኝነት እንዳደረገ በግልጽ የተጻፈው በዚያ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ለማን እና ስለ ምን እንደተጻፈ መመርመር ያስፈልጋል። ቆሮንቶስን ሮማውያን በ146 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ካፈረሷት በኋላ፣ ዩልዮስ ቄሣር በ44 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሮም ሰፈር አድርጎ እንደገና አቋቋማት፤ በምሥራቅ ክንክራኦስ፣ በምዕራብ ልካዮን በተባሉ ሁለት ወደቦች መካከል የተቀመጠች በመሆኗ ንግድ የደራባት ከተማ ነበረች፤ አሮጌ ባላባት የሌለባት፣ ሰው በአንድ ትውልድ ከምንም ተነሥቶ የሚከብርባት ስፍራም ነበረች። በእንዲህ ያለ ከተማ ክብር ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ በአደባባይ ንግግር መራቀቅ ነበር፤ ሶፊስት ተብለው የሚጠሩት፣ ማለትም በንግግር ጥበባቸው ገንዘብና ደቀ መዝሙር የሚሰበስቡት መምህራን፣ ተከታዮቻቸውን በቡድን አሰልፈው ከሌላው መምህር ተከታዮች ጋር ያፎካክሩ ነበር። የቆሮንቶስ ምእመናን ይህንኑ ልማድ ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገብተው፣ አንዱ የጳውሎስ፣ አንዱ የአጵሎስ፣ ሌላው የኬፋ ነኝ እያለ ሲታበይ ነው ጳውሎስ በዓለም ጥበብ ላይ የተነሣው። በዚያው ደብዳቤ በስድስተኛው ምዕራፍ በገንዘብ ጉዳይ ተካስሰው ፍርድ ቤት የሚመላለሱትን ሲገሥጽ፣ በወንድማማቾች መካከል የሚዳኝ አንድ ጥበበኛ እንኳ ጠፋን ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ደግሞ በጌታ እራት ላይ ባለጠጋው ሲጠግብና ሲሰክር ድኻው እንደ ተራበ መቅረቱን ይወቅሳል። ቡድነኝነት፣ ሙግትና ድኻውን ማዋረድ፦ ጳውሎስ የሚያውቀው የዓለም ጥበብ ፍሬው ይህ ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ። በዚያው ደብዳቤ በአሥራ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ጳውሎስ ስለ መጥፎ ባልንጀርነት ጉዳት የሚጠቅሰው አባባል፣ የጥንት ሊቃውንት እንደመሰከሩት የአቴናው የአስቂኝ ተውኔት ጸሐፊ የሜናንድሮስ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ አሥራ ሰባተኛ ምዕራፍም በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሲናገር፣ ስለ ከዋክብት ከገጠመው የኪልቅያ ባለቅኔ ከአራጦስ ስንኝ ይጠቅሳል። የዓለም ጥበብ ማለት አረማዊ ዕውቀት ማለት ቢሆን ኖሮ፣ እርሱን የሚያወግዘው ደብዳቤ ራሱን በራሱ ያወግዝ ነበር።

የብሉይ ኪዳን ምስክርነትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ እንደተማረ ሰማዕቱ እስጢፋኖስ ለምስጋና እንጂ ለነቀፋ አይጠቅሰውም፤ ዳንኤልና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ቋንቋና መጻሕፍት ሲማሩ እምቢ ያሉት የንጉሡን መብል እንጂ ትምህርቱን አይደለም። በዘጸአት ሠላሳ አንደኛ ምዕራፍ የእግዚአብሔር መንፈስ በጥበብ ሞላው የተባለው ባስልኤል ነቢይ ወይም ካህን ሳይሆን፣ ወርቅና ብር የሚያንጥ፣ ዕንጨት የሚጠርብ ባለእጅ ነው። እዚህ ላይ ባለእጁን ለዘመናት «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያለ ሲያገልል የኖረ ክርስቲያን ኅብረተሰብ ይህን ምዕራፍ እንዴት ሲያነብበው እንደቆየ መጠየቅ ይገባል። ነቢዩ ኢሳይያስ ደግሞ በሃያ ስምንተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ገበሬው ጥቁር አዝሙድንና ከሙንን በከባድ መውቂያ ሳይሆን በበትር የሚወቃው ለምን እንደሆነ በዝርዝር ካሳየ በኋላ፣ ይህን ያስተማረው አምላኩ ነው ይላል። ገበሬው ያንን ያወቀው ከአባቱና ከራሱ ልምድ ነው፤ ነቢዩ ግን ሁለቱን አይለያያቸውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የመጽሐፈ ምሳሌ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የእንግሊዙ ሊቅ ዋሊስ በጅ፣ ክብረ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎሙ በኢትዮጵያ ጥናት ዘንድ ስሙ የታወቀው ሰው፣ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ የአሜንሞፔ ምክር የተባለ የግብፅ የፓፒረስ ጽሑፍ ይፋ አደረገ፤ በማግሥቱ ዓመት ጀርመናዊው አዶልፍ ኤርማን የዚህ ጽሑፍ በርካታ ምክሮች ከምሳሌ ምዕራፍ 22 አጋማሽ ጀምሮ ካለው ክፍል ጋር እጅግ እንደሚቀራረቡ አሳየ። ድኻን አለመዝረፍ፣ ከቁጡ ሰው ጋር አለመወዳጀት፣ የወሰን ድንጋይ አለማፍለስ በሁለቱም ዘንድ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ሊቃውንት የግብፁን ጽሑፍ ከሰሎሞን ዘመን ያስቀድሙታል። ይህ አንዳንድ አንባቢን ያስደነግጥ ይሆናል፤ ነገር ግን እግዚአብሔርን ስለ መፍራት የሚያስተምር መጽሐፍ ከጎረቤት አገር ጸሐፊ መልካም ምክር ተቀብሎ፣ በእግዚአብሔር ፍርድ ሥር አድርጎ ለልጆቹ ማውረሱ የመጽሐፉን ክብር አይቀንስም፤ ጥበብ ከየትም ብትገኝ የማን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም በዚሁ መንገድ ሲሄዱ ኖረዋል፤ የዛሬው የ«ዓለማዊ» ፍርሃት ከእነርሱ የተወረሰ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ የሶቅራጥስን፣ የአፍላጦንንና የአርስጣጣሊስን ስም የያዙ ምክሮችን ሰብስቦ በገዳማት ሲነበብ ቆይቷል። ፍትሐ ነገሥትም በሥጋዊ ፍርድ ክፍሉ ከቢዛንታይን ነገሥታት ሕግ ብዙ ወስዷል። ዋናው ማስረጃ ግን የዘመን መቍጠሪያው ትምህርት፣ ባሕረ ሐሳብ ነው። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. አጽዋማትና በዓላት እንዴት እንደሚወጡ ማየት ይበቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው 5500 ዘመን በ2018 ላይ ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲነሣ 12 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 12 አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 18 ደግሞ መጥቅዕ ነው፤ የሁለቱ ድምር 30 ነው። መስከረም 18 እሑድ ስለዋለ፣ የእሑድ ተውሳክ የሆነው 7 ተጨምሮ 25 ይሆናል፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ይውላል።

የዚህ ሁሉ መሠረት ያ 19 ቍጥር ነው፤ ሊቃውንቱ ንዑስ ቀመር ይሉታል። ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ተመሳሳይ ቦታ መመለሳቸውን ባቢሎናውያን ያውቁት ነበር፤ በግሪክ ደግሞ በ432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከአቴናው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከሜቶን ስም ጋር ተያይዞ ይታወቃል። 76 ዓመት የሚይዘው ማዕከላዊ ቀመርም ከሜቶን ቀጥሎ የመጣው የካሊጶስ ስሌት ነው። ይህ ዕውቀት በእስክንድርያ አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ትውፊቱም የእስክንድርያው ዐሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ሱባኤ ገብቶ አገኘው ይላል። ሱባኤውና የአቴናው ስሌት እርስ በርስ ይጣላሉ ብሎ የሚያስብ ሰው የሚገኘው ዛሬ ነው፤ የቀደሙት መምህራን በሁለቱ መካከል ግድግዳ ሳያቆሙ ደቀ መዛሙርታቸውን ሲያስቈጥሩ ኖረዋል። «የዓለም ጥበብ ከቤታችን ይውጣ» የሚል ምእመን የሚጾምበትን ቀን ያወቀው አረማውያን ሰማይን አይተው ባገኙት ቍጥር ነው።

በሕክምና ጉዳይ ስሕተቱ ከሐሳብ አልፎ ሕይወት ያስከፍላል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል፤ ታማሚው መጀመሪያ እንዲጸልይ ከመከረ በኋላም ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥ ያዝዛል። የቂሣርያው ባስልዮስም በ370 ገደማ ከከተማው ውጭ ለሕሙማንና ለድኾች ትልቅ መጠለያ ያቋቋመ አባት ሲሆን፣ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ሕክምናን እንደ እርሻ ሁሉ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ሙያ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ የሚነቅፈው ተስፋን ሁሉ በሐኪም ላይ ብቻ መጣልን ነው። ይህ ሁሉ በእጅ እያለ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገሪቱ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት በአንዳንድ የጠበል ቦታዎች ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዲተዉ ይመከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ የሚጻረሩ እንዳልሆኑና ጠበል የሚጠጣ መድኃኒቱንም መውሰድ እንደሚገባው በአደባባይ ተናገሩ። ይህ አቋም አንዳንዶች እንደሚያስቡት ለዘመናዊነት የተደረገ መለሳለስ አልነበረም፤ የሲራክና የባስልዮስ ትምህርት ነበር። በወንጌላውያኑም በኩል የፈውስ ቃል የተነገረለት ታማሚ ክኒን ቢውጥ እምነቱ እንደጎደለ የሚቈጥሩ አገልጋዮች ስላሉ፣ ስሕተቱ የአንድ ወገን ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

እስካሁን የተባለው ግን የክርክሩ ቀላሉ ግማሽ ነው። ከባዱ ጥያቄ እውነተኛው የዓለም ጥበብ የት እንዳለ ነው፤ መልሱም ምእመኑ በየቀኑ በሚመላለስበት፣ ሰባኪው ግን እምብዛም በማይደርስበት ቦታ ይገኛል። በሱቁ ግድግዳ ላይ የመልአክ ሥዕል ወይም ጥቅስ የሰቀለ ነጋዴ፣ ዕቃ ጠይቆ ለገባ ደንበኛ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይለዋል፤ ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ይቀራል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ደንበኛው ምናልባት ጾም ላይ ነው፤ ወተት ያለበትን ብስኩት እንዳይበላ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳይቀር ያነብባል። ያለ ደረሰኝ ለመግዛት ግን አንድ አፍታ አያመነታም፤ ሁለቱም ወገን በዚህ ጉዳይ ኃጢአት የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ አይላቸውም። ቤት ሲሸጥ በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋና በእጅ የሚቈጠረው ዋጋ ይለያያል፤ ምስክር ሆነው የሚፈርሙት ሽማግሌዎችም ብዙ ጊዜ በአጥቢያቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ጉዳይ ለማስፈጸም የሚሰጠው ጉቦ «ለሻይ» ይባላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በክርስቲያኖች ቤት ውስጥ እንደ ጥሩ ምክር ለልጅ ይነገራል። ሠርግ በብድር ይደገሳል፤ ምክንያቱም የእገሌ ልጅ ሠርግ እንዲያ ያማረ ነበር። ያዕቆብ መራራ ቅንዓት ያለው ይህን ነው፤ የምድር ጥበብ ሙሉ በሙሉ በዚህ አለች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታም አታውቅም።

የተለመደው ክፍፍል ይህን ሊያየው አይችልም፤ አለማየቱም በአጋጣሚ አይደለም። ጥበብ በመገኛዋ ተለይታ «ይህች የቤተ ክርስቲያን፣ ያቺ የዓለም» ከተባለች በኋላ፣ ገበያው በራሱ ሕግ የሚተዳደር ሌላ አገር ይሆናል። ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ የወጣው ሰው ወደዚያ አገር ሲሻገር መንፈሳዊነቱን በር ላይ ያስቀምጣል፤ ሲመለስም ያነሣዋል። «ንግድ ሌላ፣ እምነት ሌላ» የሚለው የነጋዴዎች አባባል ዓለምን አጥብቆ ከሚነቅፈው ስብከት ጋር የሚቃረን ቢመስልም፣ የዚያው ስብከት ልጅ ነው። ሰባኪው ዓለምን ሁሉ በጅምላ ከኮነነ፣ በዓለም ውስጥ ታማኙን ሚዛን ከሐሰተኛው የሚለይበት ቃል አይቀረውም። መጽሐፈ ምሳሌ ግን በጅምላ አይናገርም፤ በ20ኛው ምዕራፍ ላይ ገዢው ዕቃውን እያገላበጠ «የማይረባ ነው» ሲል፣ ከሄደ በኋላም በርካሽ አገኘሁት ብሎ ሲመካ በአንድ ቍጥር ውስጥ ይቀርጸዋል። ማንም የመርካቶ ነጋዴ ያን ሰው በመልኩ ያውቀዋል። የእግዚአብሔርን ጥበብ የሚያስተምር መጽሐፍ የዋጋ ክርክርን ያህል ተራ ነገር ካልናቀ፣ የእርሱ አስተማሪዎች የሚንቁበት ምክንያት አይታይም።

እርግጥ ነው፣ የተቃራኒው ወገን ክርክር ባዶ አይደለም። ቆላስይስ ምዕራፍ ሁለት በፍልስፍናና በከንቱ ማታለል ምእመናን እንዳይማረኩ ያስጠነቅቃል፤ ዕውቀት ሰውን ሊያስታብይ መቻሉም የማይካድ ነው፤ ተምሬአለሁ ብሎ የአያቱን ጸሎት የሚያላግጥ ወጣትም በየከተማው አለ። ሆኖም በቆላስይስ የተነቀፈው ትምህርት ከዚያው ምዕራፍ ሲነበብ፣ ይህን አትንካ፣ ያን አትቅመስ የሚል፣ በራእይና በመላእክት አምልኮ የሚመካ፣ ሥጋን በማጐሳቈል መንፈሳዊ መስሎ የሚታይ ትምህርት ነው፤ ከዛሬው «ዓለማዊ» ዩኒቨርሲቲ ይልቅ ለዛሬው «መንፈሳዊ» ጉባኤ የሚቀርብ ነው። የሚያላግጠው ወጣትም ቢሆን ጥፋቱ መማሩ ሳይሆን መታበዩ ነው፤ ያልተማረውም በእኩል ደረጃ ሊታበይ ይችላል።

የመጨረሻው መሟገቻ በሉቃስ 16ኛ ምዕራፍ ያለው የዐመፀኛው መጋቢ ምሳሌ ነው፤ የዚህ ዓለም ልጆች በትውልዳቸው ከብርሃን ልጆች ይልቅ ልባሞች ናቸው ተብሏልና፣ አንዳንዶች ይህን የሁለቱ ጥበቦች መለያ ግድግዳ አድርገው ይጠቅሱታል። የምሳሌው ዝርዝር ግን ሌላ ነገር ያሳያል። መጋቢው መቶ ማድጋ ዘይት የነበረውን ዕዳ ወደ አምሳ፣ መቶ ቁና ስንዴ የነበረውን ወደ ሰማንያ አስለውጦ ወዳጅ ያፈራል፤ ጌታም ከዚህ ተነሥቶ የሚያስተምረው ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ በጥቂቱ ስለ መታመንና ለሁለት ጌታ መገዛት ስለማይቻል ነው። ትምህርቱ ሂሳብን፣ ውልንና ንብረትን ወደ እግዚአብሔር ፍርድ የሚያስገባ እንጂ ከዚያ የሚያስወጣ አይደለም። ወንጌላዊው ወዲያው ቀጥሎ ይህን ሰምተው ያላገጡትን ሰዎች ማንነት ይነግራል፤ የአቴና ፈላስፎች ወይም የሮም ባለሥልጣናት አልነበሩም፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጾሙ፣ ሕጉን በቃላቸው የያዙ፣ ገንዘብንም የሚወዱ ፈሪሳውያን ነበሩ።